«ሲስተም የለም» ከሚለው መልስ በስተጀርባ፦ የሶፍትዌር ጥራት ባለሙያዎች የሙያ ማሻሻያ መድረኮችና የምዕራብ ጎጃም ተገልጋይ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በጅጋም ሆነ በደምበጫ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ባንክ መስኮት የቀረበ ተገልጋይ አንድ አጭር መልስ ያውቃል፤ «ሲስተም የለም» የሚለውን። መልሱ ከከተማው ነዋሪ ይልቅ ከገጠር ቀበሌ ለመጣው ሰው ይከብዳል። የከተማው ነዋሪ ከሰዓት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ከወምበርማ ወይም ከደጋ ዳሞት ገጠር ተነሥቶ ለመጣው አርሶ አደር ግን ያች አጭር መልስ የአንድ ቀን ሥራ፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ አንዳንዴም የአንድ ሌሊት ማደሪያ ናት። ወቅቱ የዘር ወይም የአረም ከሆነ ኪሳራው ከዚያም ይበልጣል።

አገላለጹ የሚሸፍነው ነገር ብዙ ነው። መብራት ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። የኔትወርክ መስመሩ ተቋርጦ፣ ወይም መስመሩ እየሠራ በማዕከል ያለው ሰርቨር በተጠቃሚ ብዛት ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ትክክለኛውን መረጃ ስህተት ነው ብሎ አልቀበልም ብሎ ይሆናል፤ ወይም የተገልጋዩ ስም ቀደም ሲል በተሳሳተ ፊደል ተመዝግቦ ፍለጋው ሳያገኘው ቀርቶ ይሆናል። አልፎ አልፎ ደግሞ የሚመለከተው ሠራተኛ በቦታው አለመኖሩ በዚሁ ቃል እንደሚገለጽ ተገልጋዩም ሠራተኛውም ያውቁታል። የእነዚህ ችግሮች መፍትሔ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ጀኔሬተር ይፈታዋል፤ አራተኛውን ግን ሺህ ጀኔሬተር ቢደረደር አይፈታውም። የችግሩን ዓይነት ለይቶ ማወቅና ችግሩ ተገልጋዩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሙያው ባለቤቶችም የሶፍትዌር ጥራት ባለሙያዎች ወይም ፈታሾች ይባላሉ። እነዚህ ባለሙያዎች ክህሎታቸውን የሚያሻሽሉባቸው ሥልጠናዎችና የምክክር መድረኮች የቴክኖሎጂ ሰዎች የውስጥ ጉዳይ መስለው ይታያሉ። ውጤታቸው የሚታየው ግን በወረዳ መስኮት ላይ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ ወደ ዲጂታል የተሸጋገሩ አገልግሎቶች ጥቂት አይደሉም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አስጀምሯል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የሚማሩ ተማሪዎችም ይህንኑ ፈተና ይወስዳሉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል። እያንዳንዱ አዲስ አገልግሎት ከወረቀት ወደ ሶፍትዌር በተሸጋገረ ቁጥር፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በዓይኑ አይቶ ያርመው የነበረው ስህተት አሁን አስቀድሞ በፈታሽ እጅ መገኘት ይኖርበታል።

ሳይገኝ ሲቀር የሚሆነውን አገሪቱ በቅርቡ አይታለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ የሚያስችል ክፍተት አጋጠመው። ክፍተቱ ተደርሶበት እስኪዘጋ ድረስ ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መፈጸማቸውንና ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ባንኩ ይፋ አድርጓል። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑና ከሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር ተያይዞ የተከሰተ መሆኑም ተገልጿል። ከገንዘቡ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። ዜናው በዋናነት የተወራው ገንዘብ ስላወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር፤ ለዜና የሚመችም እርሱ ነበር። ለጥራት ባለሙያ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ለውጡ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ ይሠራ የነበረው ሁሉ አሁንም እንደሚሠራ በድጋሚ ተፈትሾ ነበርን? በሙያው ይህ የዳግም ፍተሻ ይባላል። አዲስ ነገር የጨመረ ወይም አሮጌ ነገር የጠገነ ሁሉ፣ ያልነካውን ክፍልም ሳይቀር መልሶ እንዲመረምር ያስገድዳል። አሰልቺ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ጊዜ አጠረን ተብሎ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

በንግድ ባንክ ጉዳይ የተጎዳው ተቋሙ ነበር፤ ግለሰብ ዜጋ የሚጎዳበት አጋጣሚ ከዚህ የከፋ ሊሆን እንደሚችል የብሪታንያ ታሪክ ያስተምራል። የዚያች አገር ፖስታ ቤት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሶፍትዌሩ የሌለ የገንዘብ ጉድለት እያሳየ፣ በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ገንዘብ ሰረቃችሁ ተብለው ተከሰሱ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል፤ የታሰሩ፣ የከሰሩ፣ ከጎረቤት ፊት የተዋረዱ አሉ። ፍርድ ቤት የሶፍትዌሩን እንከን ያረጋገጠው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፓርላማው ፍርዶቹን የሚሽር ሕግ ያወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የኮምፒውተሩ ቃል ከሰዎቹ ቃል በላይ ታምኗል። በቡሬ ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ በኮምፒውተር የወጣ የሒሳብ ጉድለት ቢቀርብበት፣ ራሱን የሚከላከልበት ብቸኛው መንገድ ሶፍትዌሩ እንዴት እንደተፈተሸ የሚያሳይ ሰነድ መኖሩ ነው።

የሙያው መድረኮች ከየት እንደመጡ ማወቅ የኛን ለመመዘን ይረዳል። በ1968 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና የኢንዱስትሪ ሰዎች ሶፍትዌር ዘግይቶ፣ ከበጀት በላይ ሆኖና በስህተት ተሞልቶ እየደረሰ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። የስብሰባው ትልቁ ዋጋ ይህ ግልጽነት ነበር፤ ተቋማት ደብቀው የያዙትን ውድቀት አውጥተው ተነጋገሩበት። ለፈታሾች ብቻ የሚዘጋጁ ጉባኤዎች የመጡት ዘግይተው ነው፤ ከአውሮፓ የታወቀው ዩሮስታር በ1993 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ አይ.ኤስ.ቲ.ኪው.ቢ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የፈታሾች የብቃት ማረጋገጫ ቦርድ ተመሠረተ። የመነሻ ደረጃ ፈተናው 40 ጥያቄዎች አሉት፤ 60 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ለማለፍ 65 በመቶ ያስፈልጋል። ፈተናውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለማይወስድ ሰው 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። የትምህርቱ ዝርዝር በነጻ የሚገኝ ሲሆን የተመዘገበ ኮርስ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ያለ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ በራሱ አንብቦ ሊዘጋጅ ይችላል። የሚከብደው የፈተናው ክፍያ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ ለጀማሪ ባለሙያ ቀላል አይደለም።

በአገራችን የክህሎት ግንባታው ትልቁ እንቅስቃሴ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ነው። ሥልጠናው በነጻና በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት ይሸፍናል። የምዕራብ ጎጃም ወጣቶችም ከስልካቸው ሳይርቁ ሊማሩት የሚችሉት በመሆኑ ጥቅሙ አያጠያይቅም። ዝርዝሩን ያስተዋለ ግን አንድ ነገር ይታየዋል። አራቱም መስኮች የሚያስተምሩት በዋናነት መሥራትን ነው፤ የተሠራውን መፈተሽ ራሱን የቻለ የሥልጠና መስክ ሆኖ አልተቀመጠም። ብዙ ግንበኛ ሠልጥኖ የውሃ ልክ የሚይዝ ሲጠፋ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ለዚህም ነው ለጥራት ባለሙያዎች የሚዘጋጁ አጫጭር ሥልጠናዎች፣ የልምድ ልውውጥ ስብሰባዎችና የጋራ የፍተሻ ውድድሮች ከኮደሮች ሥልጠና ጎን ለጎን ሊታሰቡ የሚገባው።

በእነዚህ መድረኮች ምን ይነገር የሚለው ጥያቄ ከቦታው በላይ ያሳስባል። ከውጭ የመጣ የሥልጠና ጽሑፍ ስለ ፍተሻ ዘዴ በሚገባ ያስተምራል፤ ስለ ጳጉሜን ግን አያውቅም። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ትሆናለች፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ስድስት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የዚህ ዓይነት ቀን ነበር፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ ቀን የተወለደ ሕፃን የልደት ምዝገባ ሲደረግለት፣ በዚያ ቀን የሚያበቃ የብድር ውል ወለድ ሲሰላ፣ ወሩን እስከ 12 ብቻ የሚቆጥር ሶፍትዌር ምን ያደርጋል? ይህ በሁለት ደቂቃ ሊሞከር የሚችል ጥያቄ ነው። ካልተሞከረ ግን ወላጅ ለልጁ ያልተወለደበትን ቀን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ የተሳሳተው ቀንም ከልጁ ጋር ትምህርት ቤት ይገባል፣ ፓስፖርት ያወጣል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ በስልክ መልእክት «09:00» ተብሎ ቢመጣ፣ የደረሰው ሰው በኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ብሎ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ሠራተኛው «ቀጠሮህ አልፏል» ይለዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው መልእክቱን የጻፈው ሶፍትዌር ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው የስም ጉዳይ ነው። ኃይሌ የሚለው ስም በኀ፣ በሐ፣ በሀ ወይም በሃ ሊጻፍ ይችላል፤ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ምልክት ነው። ፀሐይን፣ ሥላሴን፣ ዓለሙን የሚጽፍ ሁሉ ይህንኑ ይገጥመዋል። ገብረ ማርያም አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን በግዴታ ይሞላ የሚል ቅጽ ሲመጣስ የአያት ስም ይግባ ወይስ የአባት? በአንዱ ተቋም አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት የተመዘገበ ሰው የእኔ ነው ያለው ሒሳብ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ በሌላ ሰው ስም እንዳለ ተቆጥሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የስም ማስተካከያ ደብዳቤ፣ ምስክር፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የፈታሾች መድረክ እንዲህ ያሉ ስሞችን የያዘ አንድ የጋራ የመሞከሪያ ዝርዝር ቢያዘጋጅና ማንኛውም የመንግሥት ሶፍትዌር በርሱ ሳይፈተን ወደ ሥራ እንዳይገባ ቢስማማ፣ ብዙ ተገልጋይ ከደብዳቤ ምልልስ ይድናል።

የቦታ ስሞችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ለዚህ ምዕራብ ጎጃም ጥሩ ማስረጃ ነው። ፍኖተ ሰላም አንዳንዱ በአንድ ቃል፣ አንዳንዱ በሁለት ይጽፋታል። ቡሬ በላቲን ፊደል ሲሰፍር በአራት ፊደልም በአምስትም ይገኛል፤ በአፋር ክልል በአሰብ መንገድ ላይም ሌላ ቡሬ አለ። ቡሬና ወምበርማ ቀድሞ ቡሬ ወምበርማ የሚባል አንድ ወረዳ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ማስረጃ ላይ ደግሞ ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ የሚል ይነበባል። የዛሬው የምርጫ ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ስሞች ከሌሉ፣ በእጁ ሕጋዊ ሰነድ የያዘው ሽማግሌ የተወለደበት ቦታ እንደሌለ ይነገረዋል።

የአካል መለያን በተመለከተም እንዲሁ። ፋይዳ የፊት ምስል፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይመዘግባል። ሥርዓቱ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር በሕንድ ባንጋሎር የተወጠነ፣ ማንም አገር ወስዶ ሊያስተካክለው የሚችል ክፍት ምንጭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር የጨበጠ፣ በርበሬ ሲለቅም፣ ድንች ሲቆፍርና እንጨት ሲፈልጥ የኖረ ሰው የጣት መስመሩ ደብዝዞ ይገኛል። ይህ በማንኛውም አገር ያሉ የጉልበት ሠራተኞችን የሚገጥም ነው፤ አይሪስና የፊት ምስል አብረው መመዝገባቸው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን መታወቂያውን የሚቀበለው ሌላ ተቋም በጣት አሻራ ብቻ የሚያረጋግጥ መሣሪያ ቢያስቀምጥ ጥቅሙ ይቀራል። በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በቢሮ ሠራተኞች ጣት ተሞክሮ «አለፈ» የተባለ መሣሪያ በማንኩሳ ገበሬ ጣት አልተሞከረም። ሁለቱ አንድ ፍተሻ አይደሉም።

ስለ ኔትወርክ ሳይነገር የዚህ አካባቢ ጉዳይ አይሟላም። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወቃል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመስመር ላይ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ አገልግሎት መስመር በሌለበት ጊዜ አገልግሎት አይደለም። የሚቻልበት መንገድ አለ። የሞሲፕ የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ መረጃውን መስመር ሲገኝ ወደ ማዕከል እንዲልክ ሆኖ የተሠራ ነው። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ አገልግሎት በ*889# ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ይሠራሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረበት ጊዜ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ደግሞ ምክሩን በድምፅ ያደርሳል። ለፈታሽ እነዚህ እያንዳንዳቸው የተለየ ትምህርት ይጠይቃሉ። የድምፅ አገልግሎትን የሚፈትሽ ሰው ስክሪን አያይም፤ ምርጫው ሳያልቅ ሰሚው ቁጥር ቢነካ፣ ሒሳቡ በመሃል ቢያልቅ፣ በአካባቢው አነጋገር የተለመደው የዝርያ ስም በቅጂው ውስጥ ባይኖር ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተናም የራሱን ጥያቄ ያመጣል፦ መብራት ሲጠፋ ተማሪው እስከዚያች ደቂቃ የመለሰው ተቀምጧል? ሰዓቱስ ይቆጥራል ወይስ ይቆማል?

አንድ ሌላ ጉዳይ በቸልታ እንዳይታለፍ ያስፈልጋል። ፈታሽ መሞከሪያ መረጃ ይሻል፤ ቀላሉ መንገድም የእውነተኛ ሰዎችን መዝገብ ገልብጦ መጠቀም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከጸና ወዲህ ይህ ልማድ መቀጠል አይችልም። ዜጋው ስሙን፣ ስልኩንና አሻራውን የሰጠው ለአገልግሎት እንጂ ለሥልጠና ክፍል ልምምድ አይደለም። ስለዚህ እውነተኛ የሚመስል ግን የማንም ያልሆነ የመሞከሪያ መረጃ ማዘጋጀት በማንኛውም የሙያ ማሻሻያ መድረክ ላይ ቀዳሚ ትምህርት መሆን ይገባዋል።

ስለ መድረኮቹ አሠራርም ግልጽ መሆን ይሻላል። በአዳራሽ የሚካሄድ፣ በመክፈቻ ንግግር የሚጀምር፣ በቡድን ፎቶግራፍና በተሳትፎ ሰርተፍኬት የሚያበቃ ሥልጠና ለሁሉም የታወቀ ነው። ተሳታፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ አብሮት የሚመለስ ነገር ግን ሰርተፍኬቱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚህ የሚለየው መድረክ ሁለት ነገር ይኖረዋል። አንደኛው እያንዳንዱ ተቋም ባለፉት ወራት ያጋጠመውን አንድ እውነተኛ ስህተት ይዞ መምጣቱ ነው፤ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳገኘው፣ ለምን ቀድሞ እንዳልተገኘ። ስህተቱን ያቀረበ ባለሙያ በዚያ ምክንያት የሚወቀስ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አያቀርብም፤ ስለዚህ የተቋማት ኃላፊዎች ፈቃድ እዚህ ላይ ከበጀት ይበልጣል። ሁለተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ በመድረኩ መኖሩ ነው። የወረዳ መዝጋቢ የሶፍትዌር ትምህርት አይኑረው እንጂ በየትኛው ሳጥን ላይ ሰው እንደሚቆም፣ የትኛው መልእክት ተገልጋይን እንደሚያስደነግጥ፣ በየትኛው ሰዓት ሥርዓቱ እንደሚዘገይ በልምድ ያውቃል። ይህ እውቀት ከአዲስ አበባ ቢሮ ሆኖ አይገኝም።

ከዚህ ሲታይ መድረኮቹ ሁልጊዜ በዋና ከተማ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ከቡሬ ደግሞ ወደ ነቀምቴ የሚያወጣ መንገድ አለ። የዞን ዋና ከተማ በሆነችው ፍኖተ ሰላም ከበርካታ ወረዳዎች የሚመጣ ተገልጋይ ይገናኛል። በቡሬ የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ምርት ከሚሰበስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጀምሮ ክፍያ እስከሚፈጽሙ ባንኮች ድረስ ብዙ መዝገብ የሚነካካበት ቦታ ነው። የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደ መጠን፣ አንድ አዲስ አገልግሎት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመሰራጨቱ በፊት ሁለት ቀን እዚህ ቢፈተሽ፣ ፈታሾቹ ከሁለት ሳምንት የአዳራሽ ሥልጠና የማያገኙትን ያገኛሉ። ወጪው የመንገድና የአበል ነው። አገልግሎቱ ከተሰራጨ በኋላ የሚመጣውን የማረሚያ ወጪ ግን በየመስኮቱ ተመላልሶ የሚከፍለው ተገልጋዩ ነው።

ተገልጋዩስ እስከዚያው ምን ያድርግ? «ሲስተም የለም» ሲባል የትኛው ችግር እንደሆነ መጠየቅ መብቱ ነው። መብራት ነው ወይስ መስመር? ከሁሉም ሰው ላይ ነው ወይስ በእርሱ ስም ላይ ብቻ? ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ብዙ ትለያለች፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ የቀረቡት ተገልግለው እርሱ ብቻ ከተመለሰ፣ ችግሩ በመስመሩ ሳይሆን በመረጃው ወይም በሶፍትዌሩ ነው ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ የታየውን መልእክት ቃል በቃል አስጽፎ መያዝ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሮ መመዝገብ፣ ገንዘብ ተቀንሶ አገልግሎቱ ካልተሰጠ በስልክ የመጣውን የግብይት ቁጥር አለማጥፋት ይረዳል። የራሱን መረጃ ሌላ ሰው እንዲያይበት ካላስፈለገ በቀር የስክሪን ፎቶግራፍ ለማንም አለመላክ፣ የሚስጥር ቁጥርን ደግሞ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን አለመስጠት ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ተገልጋይ መስኮት ላይ ያለውን ሠራተኛ ይህንኑ በወረቀት እንዲጽፍለት ሊጠይቅ ይችላል።

እንዲህ ያለች ቁራጭ ወረቀት ለፈታሽ ትልቅ ሀብት ናት። «አልሠራም» የሚል አቤቱታ ከየት እንደሚጀመር አይናገርም። «ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ስሜ ኃይለ ማርያም ተብሎ በሁለት ቃል ሲጻፍ መዝገቡ አልተገኘም አለ፤ በአንድ ቃል ሲጻፍ ተገኘ» የሚል ማስታወሻ ግን በዚያው ቀን ሊታረም የሚችል ስህተት ያሳያል። በሥልጠና መድረኮቹ ላይ ባለሙያዎች የሚማሩት የስህተት ሪፖርት አጻጻፍም ከዚህ ብዙ አይለይም፦ ምን ተደረገ፣ ምን ተጠበቀ፣ ምን ሆነ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እነዚህን ማስታወሻዎች በአንድ መዝገብ ሰብስበው በየወሩ ለሚመለከተው ተቋም ቢልኩ፣ ቀጣዩ የፈታሾች ስብሰባ የውይይት አጀንዳ ከውጭ መጽሐፍ መፈለግ አይኖርበትም። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲደርስም በቡሬና በፍኖተ ሰላም መስኮቶች የሚሆነው አስቀድሞ ተሞክሮ የሚታወቅ ይሆናል።